እራቱ ሳይቀዘቅዝ

አራት ዓመት የሞላው ልጅ አባቱ ጭን ላይ ተቀምጦ መጽሐፍ ይነበብለታል። ጥርሱ የሾለ፣ ዓይኑ ቢጫ፣ ጥፍሩ እንደ ማጭድ የቆለመመ ፍጡር ያለበት ገጽ ሲቃረብ ልጁ ትንፋሹን ይውጣል፤ ፊቱን በሁለት እጁ ይሸፍናል፤ በጣቶቹ መሐል ግን አንድ ዓይኑን ክፍት ይተዋል። ገጹ ይገለጣል። ልጁ ይጮኻል፤ ወዲያው ደግሞ ይስቃል። መጽሐፉ ሲያልቅ የሚላት ቃል አንዲት ናት፦ «ድገመው!»

ይህ ምዕራፍ የተጻፈው ለዚያች ቃል ነው። ሰው የሚፈራውን ይሸሻል። ውሻ ያባረረው ልጅ ውሻው ባለበት መንገድ ዳግም ማለፍ አይወድም። ታዲያ ያው ልጅ ልቡ ድም ድም እያለ ወደ ጭራቁ ገጽ በገዛ እጁ የሚመለሰው ለምንድን ነው? እኔ የማምነው መልሱ የሚገኘው ከጭራቁ ገጽ በኋላ ባሉት ገጾች ነው። አስፈርቶ የሚያስደስት መጽሐፍ ልጁን ከቤት ሲያስወጣው የመመለሻውን መንገድ አብሮ ይጠርጋል። ፍርሃቱ ጣዕም የሚኖረው መመለሻ ሲኖረው ነው። ይህ እንዴት እንደሚሠራ ገጽ በገጽ ሊያሳየን የሚችል አንድ መጽሐፍ አለ፤ በ1963 ኒው ዮርክ ውስጥ የታተመው የሞሪስ ሴንዳክ ሥራ ነው (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ርእሱን ወደ እኛ ቋንቋ ብንመልሰው «አውሬዎቹ የሚኖሩበት» ልንለው እንችላለን።

የእሁድ እንግዶች

ሴንዳክ በጁን 1928 በኒው ዮርክ ከተማ፣ ብሩክሊን ውስጥ ተወለደ። ወላጆቹ ከፖላንድ የተሰደዱ አይሁዳውያን ነበሩ። ልጅነቱን ያሳለፈው በአብዛኛው አልጋ ላይ ነው፤ ኩፍኝ፣ የሳንባ ምችና ሌላም ከባድ ትኩሳት ተፈራርቀውበታል። ልጁ ይተርፍ ይሆን የሚለው የወላጆቹ ጭንቀት ከጆሮው አይጠፋም ነበር። የሰፈሩ ልጆች መንገድ ላይ ሲራወጡ እሱ በመስኮት እያያቸው ይሥላቸዋል።

አራት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ በ1932፣ አሜሪካን ያናወጠ ወንጀል ተፈጸመ። አትላንቲክ ውቅያኖስን ብቻውን ያለ ማረፍ በአውሮፕላን በማቋረጥ ዓለም ያወቀው የቻርልስ ሊንድበርግ ሕፃን ልጅ ሌሊት ከአልጋው ተሰረቀ፤ ከሳምንታት በኋላም ሬሳው ተገኘ። ሴንዳክ አድጎ ስለዚህ ደጋግሞ ተናግሯል። የዝነኛና የባለጸጋ ልጅ ከገዛ አልጋው ከተወሰደ የስደተኛው ልጅ አልጋ በምን ሊጠበቅ ነው? በጋዜጣ ላይ የሕፃኑን ሬሳ ፎቶግራፍ አይቻለሁ ሲል ትልልቆቹ አላየህም አሉት። ልጁ ግን ያየውን አይቷል። ከፍርሃቱ ይልቅ የከበደው የሚያጋራው ሰው ማጣቱ ነበር። ከዚያ ወዲያ ደግሞ ጦርነቱ መጣ፤ ፖላንድ የቀሩት የአባቱ ዘመዶች በናዚዎች አለቁ፤ ቤቱ በሐዘን ተሞላ።

ከዚህ ሁሉ ጨለማ መሐል ግን መጽሐፉን የወለደው አንድ የሚያስቅ ትዝታ ነው። እሁድ እሁድ ከአውሮፓ የመጡ አክስቶችና አጎቶች ሊጠይቁ ይመጣሉ። ቋንቋቸው ሌላ፣ ጥርሳቸው የተበላሸ፣ ከአፍንጫቸው ጠጉር የወጣ ትልልቅ ሰዎች ናቸው። የልጆቹን ጉንጭ ይቆነጥጣሉ፤ ጎንበስ ብለውም እንዴት ታምራለህ፣ ልብላህ ይላሉ። እኛስ የሚያምር ሕፃን ስናይ «ልብላው!» እንል የለ? ለትልቅ ሰው ይህ የፍቅር ቃል ነው። ሴንዳክ ግን እናቱ ምግብ ስትሠራ ዘገምተኛ እንደነበረችና እራቱ ከዘገየ እንግዶቹ በእርግጥ ይበሉኛል ብሎ ይሰጋ እንደነበር ተናግሯል። ፍቅርና መብላት፣ ዘመድና አውሬ፣ ራትና ስጋት በአንድ ልጅ ልብ ውስጥ የተቋጠሩት በዚያ ሳሎን ነው።

ፈረስ ያልሆነለት ሠዓሊ

ሴንዳክ በ1950ዎቹ የሌሎችን መጻሕፍት በመሣል ስሙ ወጥቶ ነበር። የራሱን ታሪክ በ1955 ሲጀምር አውሬዎች አልነበሩበትም፤ የጀመረው ስለ ዱር ፈረሶች ነው። ዓመታት አለፉ፤ በ1963 ወደ ሥራው ሲመለስ አንድ ችግር ገጠመው፦ ፈረስ መሣል አልሆነለትም። አርታኢው ኧርሱላ ኖርድስትረም ታዲያ ምን መሣል ትችላለህ ስትለው ፍጡራን ብሎ መለሰላት። የትኞቹ ፍጡራን? ያን ጊዜ እሁድ እሁድ ጉንጩን ይቆነጥጡት የነበሩት አክስቶችና አጎቶች ከነጥርሳቸው መጡ። ቆየት ብሎ በ1980 ታሪኩ ለኦፔራ ሲበቃ ለአውሬዎቹ የተሰጧቸው ስሞች የገዛ ዘመዶቹ ስሞች ነበሩ።

ስያሜውም ከቤቱ የወጣ ነው። በወላጆቹ ቋንቋ በይድሽ አላስቀምጥ ያለ፣ ቤት ያመሰ ልጅ «የዱር አውሬ» ይባላል። እኛም የሚያስቸግረውን ልጅ «ምን ያለው አውሬ ነው!» እንላለን። ስለዚህ በዚህ መጽሐፍ ውስጥ የመጀመሪያው አውሬ ማን እንደሆነ ከወዲሁ ማስተዋል ይጠቅማል። ልጁ ራሱ ነው።

ታሪኩ አጭር ነው፤ በእንግሊዝኛው 338 ቃላት ብቻ። ማክስ የተባለው ልጅ የተኩላ ልብስ ለብሶ ቤቱን ያምሳል፤ ግድግዳ ላይ ሚስማር ይመታል፣ ሹካ ይዞ ውሻውን ያሳድዳል። እናቱ አውሬ ብላ ስትቆጣው እበላሻለሁ ይላታል። ራት ሳይበላ ወደ መኝታ ክፍሉ ይላካል። ክፍሉ ውስጥ ዛፍ ይበቅላል፣ ግድግዳው ይጠፋል፣ ባሕር ይመጣል፤ ማክስ በጀልባ አውሬዎቹ ወደሚኖሩበት አገር ይሄዳል። ያገሣሉ፣ ጥርሳቸውን ያፋጫሉ። እሱ ግን ዓይኑን ሳያርገበግብ ቢጫ ዓይኖቻቸውን ትኩር ብሎ በማየት ያሸንፋቸውና ይነግሥባቸዋል። ይጨፍራሉ። ከዚያ ብቸኝነት ይሰማዋል፤ ከሩቅ የምግብ ሽታ ይሸተዋል፤ ዙፋኑን ትቶ ወደ ክፍሉ ይመለሳል። እራቱ እየጠበቀው ነው።

ገጾቹ ምን ያደርጋሉ?

በዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙው ሥራ የሚሠራው ሥዕሉ የተቀመጠበት ቦታ ነው። የመጀመሪያው ሥዕል በነጩ ገጽ መሐል ያለ ትንሽ ሳጥን ነው፤ ዙሪያውን ሰፊ ባዶ ቦታ ከቦታል። ገጽ በተገለጠ ቁጥር ሥዕሉ ትንሽ ትንሽ ያድጋል። ጫካው ክፍሉን ሲሞላ ሥዕሉም የቀኙን ገጽ ይሞላል። ባሕሩ ሲመጣ ወደ ግራው ገጽ ይፈሳል። አውሬዎቹ ሲመጡ ሁለቱን ገጾች ይይዝና ጽሑፉን ወደ ታች ገፍቶ በጠባብ ነጭ መስመር ላይ ያስቀረዋል። ጭፈራው ሲጀመር ጽሑፉ ጨርሶ ይጠፋል፤ ሦስት ተከታታይ ግራና ቀኝ ገጾች ያለ አንዲት ቃል ያልፋሉ።

ገና ማንበብ የማይችል ልጅ ይህን ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል። ነጩ ባዶ ቦታ የቤት ሥርዓት ነው፤ ሥዕሉ ደግሞ የልጁ ስሜት። ስሜቱ እያደገ ሥርዓቱን ይገፋና በመጨረሻ ይውጠዋል። ያኔ ጭኑ ላይ አስቀምጦ የሚያነብለት ሰው ድምፅም አብሮ ያቆማል። በእነዚያ ሦስት ጥንድ ገጾች ላይ አዋቂው የሚያነበው የለውም፤ የሚመራው ልጁ ነው። ማገሣት ቢያምረው ያገሣል፣ መዝለል ቢያምረው ይዘላል። ከዚያ ጽሑፉ ይመለሳል፤ ነጩም ቦታ ቀስ በቀስ ይመለሳል። ወረርሽኝ ያህል የተስፋፋው ስሜት ዳርቻ ያገኛል።

አውሬዎቹም በጥንቃቄ የተመጠኑ ናቸው። ጥርስ፣ ቀንድ፣ ጥፍር ሁሉ አላቸው። ነገር ግን ጭንቅላታቸው ከሰውነታቸው ጋር ሲነጻጸር ግዙፍ፣ እግራቸው አጭር፣ ሆዳቸው ድብልብል ነው፤ ይህ የሕፃን ቅርጽ ነው። አፋቸውም ሲያስፈራራ እንኳ ወደ ፈገግታ ያደላል። በሽፋኑ ላይ ያለው ቀንዳም አውሬ ባዶ የሰው እግር ኖሮት ተቀምጦ ያንቀላፋል። ሴንዳክ ቀለሙን በስሱ ቀብቶ በላዩ ላይ በቀጭን ብዕር የተጠላለፉ መስመሮችን ስላሠመረበት ሥዕሉ ላይ ያለው ብርሃን የምሽት ብርሃን ነው፤ ልጅ ከመተኛቱ በፊት ዕቃዎች ቅርጻቸውን የሚለውጡበት ሰዓት።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን ጓዳ ውስጥ የተደበቀ የሚመስል አንድ ዝርዝር ነው። ማክስ ውሻውን ሲያሳድድ ከደረጃው አጠገብ ግድግዳው ላይ በልጅ እጅ የተሣለ የአውሬ ሥዕል ተሰቅሏል፤ የሠዓሊው ስም ማክስ ይላል። አውሬው ከባሕር ማዶ ከመምጣቱ በፊት ከልጁ እርሳስ ወጥቶ ነበር ማለት ነው። ልጁ የሚፈራውን ነገር የሠራው ራሱ ነው፤ የሠራውንም ሊያዝዘው ይችላል። ማክስ ነግሦ ጭፈራው ሲበቃው አውሬዎቹን የሚቀጣው እናቱ በቀጣችው ቅጣት ነው፤ ራት ሳይበሉ እንዲተኙ ያዛቸዋል። ለአፍታ በእናቱ ቦታ ይቆማል። ወደ ቤት የሚመልሰው ናፍቆትም ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። ሊሄድባቸው ሲል አውሬዎቹ ስለሚወዱት ሊበሉት እንደሚፈልጉ እየጮኹ ይነግሩታል፤ የብሩክሊኖቹ አክስቶች ቃል እዚህ ደረሰ። ማክስ ግን እምቢ ይላል።

ባዶው ሳጥን

አዋቂዎች ብዙ ጊዜ የሚያነሡት ስጋት አለ፦ ልጁ እውነት ይመስለው የለም ወይ? በ1991 ፖል ሃሪስ የተባለው እንግሊዛዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ያሳተመው ጥናት ለዚህ ጥሩ ብርሃን ይሰጣል። ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ያሉ ልጆች ባዶ ሳጥን አዩ፤ ባዶ መሆኑንም አረጋገጡ። ከዚያ ውስጡ ጭራቅ እንዳለ በሐሳባቸው እንዲሥሉ ተጠየቁ። ልጆቹ የሠሩት ጭራቅ የምናብ እንደሆነ በግልጽ ይናገራሉ። ሆኖም ተመራማሪዋ ክፍሉን ለቃ ልትወጣ ስትል እንዳትሄድ የፈለጉ ትንንሾች ነበሩ፤ ብቻቸውን ከቀሩትም ወደ ሳጥኑ ሄደው ያዩ ነበሩ።

ስለዚህ የአራት ዓመት ልጅ «ይህ እውነት አይደለም» ማለት ያውቃል፤ እውቀቱ ግን ልቡን ለማረጋጋት ገና አልበረታም። እኛስ ብንሆን በጨለማ ስንሄድ ከኋላችን ማንም እንደሌለ እያወቅን እርምጃችን ይፈጥን የለ? በልጁና በእኛ መሐል ያለው ልዩነት የመጠን ነው። አዋቂው «ጭራቅ የሚባል ነገር የለም» ብሎ ሲከራከር ልጁ የሚያውቀውን ይነግረዋል እንጂ የሚፈልገውን አይሰጠውም። ልጁ የሚፈልገው ሳጥኑን ሄዶ ማየት ነው፤ አጠገቡ ሰው ሳለ፣ በራሱ ፍጥነት፣ መክደኛውን መልሶ መዝጋት እየቻለ።

መጽሐፍ ደግሞ ከዚህ ሳጥን ጋር እጅግ ይመሳሰላል። ፊልም በራሱ ጊዜ ይሮጣል፤ ሕልም አይታዘዝም። መጽሐፍ ግን ልጁ ካልገለጠው አይገለጥም። ጭራቁን ለማየት ገጽ መግለጥ፣ ለማባረር ገጽ መክደን ይበቃል። ሲደገም ደግሞ ጭራቁ በዚያው ገጽ፣ በዚያው ፊት፣ በዚያው ሰዓት ይገኛል። ጨለማ ውስጥ ያለው ፍርሃት መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም፤ መጽሐፍ ውስጥ ያለው ግን ቀጠሮ ያከብራል። «ድገመው!» የሚለው ልጅ አሸናፊነቱን ደጋግሞ እየፈተነ ነው። ባለፈው ትንፋሹን ያስዋጠው ገጽ ዛሬ ቀድሞ የሚያገሣበት ገጽ ይሆናል።

ፍርሃት አለንጋ ሲሆን

ለልጅ የሚጻፍ አስፈሪ መጽሐፍ ሁሉ ግን እንዲህ አይደለም። በ1844 የጀርመኑ ፍራንክፈርት ሐኪም ሃይንሪኽ ሆፍማን ለሦስት ዓመት ልጁ የገና ስጦታ የሚሆን መጽሐፍ ፈልጎ ቢያጣ ራሱ ሥሎና ገጥሞ ሠራለት። በዓመቱ ታተመ፤ በመላው አውሮፓም ዝነኛ ሆነ። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ አውራ ጣቱን የሚጠባ ልጅ አለ፤ ትልቅ መቀስ የያዘ ልብስ ሰፊ ዘልሎ ይገባና ጣቶቹን ይቆርጣቸዋል። በክብሪት የተጫወተች ልጅ ተቃጥላ አመድ ትሆናለች። ሾርባ እምቢ ያለው ልጅ በአምስተኛው ቀን ይሞታል።

ሆፍማን ልጆችን የሚወድ ሰው ነበር፤ የሚታከሙ ሕፃናትን ለማረጋጋት ሥዕል ይሥልላቸው ነበር። መጽሐፉም በሥዕሉ የተነሣ ብዙ ልጆችን አስቋል። ግን የፍርሃቱን አቅጣጫ እንመልከት። ጣቱ የተቆረጠው ልጅ ጣቱ አይመለስለትም። አመድ የሆነችው ልጅ ወደ ቤት የምትገባበት ገጽ የለም። ፍርሃቱ የሚያገለግለው አዋቂውን ነው፤ ልጁን እንዲታዘዝ ለማድረግ የተነሣ አለንጋ ነው። የማክስ ፍርሃት ግን ልጁን ያገለግላል፤ የቁጣውን ዳርቻ እንዲያይ ይወስደዋል፣ ከዚያ ይመልሰዋል።

ይህ ልዩነት ለእኛ ሩቅ አይደለም። አገራችን ያደገ ሰው ሁለት ጅቦች ያውቃል። አንደኛው «ዝም በል፣ ጅብ መጣ!» ተብሎ የሚጠራው ነው። ይህ ጅብ ታሪክ የለውም፤ ከየት እንደሚመጣና እንዴት እንደሚሸነፍ አይነገርም፤ ልጁ ዝም ካለ በኋላም ከበሩ ውጭ ቆሞ ያድራል። ሁለተኛው አያ ጅቦ ነው። እሱም ጥርስ አለው፣ እሱም ይርበዋል፤ ግን እመት ጦጢት በብልሃት ታታልለዋለች። ልጁ በአንደኛው ጅብ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ይንቀጠቀጣል፤ በሁለተኛው ጅብ ሆዱን ይዞ ይስቃል። አውሬው አንድ ነው። የተለያዩት ልጁን ብቻውን የሚተወውና አብሮት የሚሄደው አነጋገር ናቸው።

በቃል ተረትና በሥዕል መጽሐፍ መሐል ግን አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። አያቴ ስለ ጅብ ስትነግረን እያንዳንዳችን የየራሳችንን ጅብ እንሥል ነበር፤ ፈሪው ትንሽ ጅብ፣ ደፋሩ ትልቅ ጅብ። የጅቡን ቁመት የሚወስነው የሰሚው አቅም ነው። ሥዕል ሲመጣ ይህን ውሳኔ ሠዓሊው ከልጁ ይወስዳል፤ ለሁሉም ልጅ አንድ ጥርስ፣ አንድ ዓይን ይሣላል። ስለዚህ የሠዓሊው ኃላፊነት ከባድ ነው። ድብልብል ሆድ፣ የሰው እግርና የሚያንቀላፋ ፊት የተጨመሩት ልጁ ራሱ ሊያደርግ ይችል የነበረውን ማለዘብ ሠዓሊው ስለ እሱ እንዲያደርግለት ነው።

የመጠኑ ነገር

የዴንማርኩ ኦርሁስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2020 ባሳተሙት ጥናት ለመዝናኛ የተሠራ አስፈሪ ቤት የጎበኙ 110 ሰዎችን የልብ ትርታ ለክተው፣ ምን ያህል እንደፈሩና ምን ያህል እንደተደሰቱ ጠየቁ። ያገኙት ውጤት ወጥ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን የበርበሬ ነገር ያስታውሳል። ሲያንስ ጣዕም የለውም፤ ሲበዛ ያቃጥላል፤ ደስታው ከፍ የሚለው መካከል ላይ ነው። ጎብኚዎቹ ዕድሜያቸው ከ12 ዓመት ጀምሮ ስለነበር ውጤቱን እንዳለ ለአራት ዓመት ልጅ መስጠት አይገባም። ሆኖም ለልጅ የሚሠሩ ጥሩ ሠዓሊዎችና አርታኢዎች ይህን መካከለኛ ስፍራ በእጃቸው ሲፈልጉት ኖረዋል።

በ1999 እንግሊዝ አገር የታተመውን «ግሩፋሎ» እናንሣ። ደራሲዋ ጁሊያ ዶናልድሰን መነሻ ያደረገችው ነብርን በብልሃት ያታለለች የቻይና ልጃገረድ ተረት ነው። ነብር በሚለው ቃል ቤት መምታት ስላስቸገራት ለግጥሟ የሚስማማ አዲስ አውሬ ፈጠረች። ሠዓሊው አክሰል ሼፍለር መጀመሪያ የሣለው ግሩፋሎ ለትንንሽ ልጆች በጣም ያስፈራል ተብሎ ስለታሰበ አለዘበው። ግን ሁሉንም አላነሣም፤ ጥርሱ አለ፣ ጥፍሩ አለ፣ አፍንጫው ላይ ያለው ኪንታሮት አለ። ጨርሶ ቢለዝብ በታሪኩ ውስጥ በብልሃት የምታታልለው ትንሿ አይጥ ምኑን አሸነፈች ይባላል? አውሬው የተፈራውን ያህል ነው አይጧ የምትከበረው።

የሴንዳክ መጽሐፍ ሲወጣ ብዙ አዋቂዎች መጠኑ አልፏል ብለው ነበር። በ1964 የአሜሪካ የቤተ መጻሕፍት ማኅበር ለሥዕላዊ መጻሕፍት የሚሰጠውን ካልዴኮት ሜዳልያ ካሸነፈ በኋላም ክርክሩ አልበረደም። በ1969 ብሩኖ ቤትልሃይም የተባለው ስመ ጥር የሥነ ልቦና ሊቅ መጽሐፉን ሳያነብ፣ እናቶች በነገሩት ብቻ ተመሥርቶ፣ በአንድ የሴቶች መጽሔት ላይ ነቀፈው። የነቀፈው ግን አውሬዎቹን አልነበረም። ልጅን ራት ከልክሎ ወደ መኝታ መላክ በልጁ ዘንድ መጣል ነው፤ ከዚህ የከፋ ፍርሃት የለም አለ።

ይህ ነቀፌታ ሊከበር የሚገባው ግማሽ እውነት አለው። በመጽሐፉ ውስጥ ያለው ትልቁ ፍርሃት በእርግጥም እሱ ነው። ልጅ ሲቆጣ እናቱን የሚጠላት ይመስለዋል፤ እናቱ ስትቆጣ ደግሞ ፍቅሯ የተቋረጠ ይመስለዋል። እበላሻለሁ ብሎ የተናገረውን ማክስን ጥርስ ካላቸው ፍጡራን ይበልጥ የሚያስፈራው የገዛ አፉ ቃል ያበላሸው ነገር ይኖር ይሆን የሚለው ነው። ሴንዳክ ይህን ፍርሃት አልፈጠረውም፤ በየቤቱ፣ በየምሽቱ ያለ ነው። እሱ ያደረገው ሌሎች አላየህም ያሉትን ነገር አየህ ማለት ነው። ቤትልሃይም መጽሐፉን እስከ መጨረሻው ገጽ ቢከተለው ኖሮ እናትየዋ የከለከለችውን ራት ራሷ አምጥታ እንዳስቀመጠችው ያገኝ ነበር። እሱም በ1976 ባሳተመው መጽሐፉ አስፈሪ ተረቶች ልጅን ከውስጥ ፍርሃቱ ጋር እንደሚያስታርቁ በሰፊው ተከራክሯል።

ጭን ላይ ሲነበብ

አስፈሪ መጽሐፍን አስደሳች የሚያደርገው ግማሹ ነገር ወረቀቱ ላይ የለም። ልጁ የተቀመጠበት ጭን፣ የሚሰማው ድምፅ፣ ትከሻው ላይ ያረፈው ክንድ ነው። ስለዚህ ለልጅ የሚያነብ ሰው ጥቂት ነገሮችን ቢያስብ መልካም ነው። ገጹን የሚገልጠው ልጁ ይሁን፤ እጁ ወደ ኋላ ካለ መጠበቅ፣ ይዝለለው ካለ መዝለል ነው። ዛሬ የዘለለውን ገጽ ከሳምንት በኋላ ራሱ ይፈልገዋል። ፈሪ ብሎ መሳቅ ግን የተከፈተውን በር ይዘጋዋል፤ ሴንዳክ በጋዜጣው ፎቶግራፍ ብቻውን እንደቀረ ልጁም ከፍርሃቱ ጋር ብቻውን ይቀራል።

የጀመሩትን መጨረስም ግድ ነው። ስልክ ተደውሎ፣ እንግዳ መጥቶ፣ አውሬዎቹ እያገሡ መጽሐፉ ቢከደን ልጁ ባሕር ማዶ ቀረ ማለት ነው። መመለሻው ካልተነበበ የተነበበው ሌላ መጽሐፍ ነው። ከሁሉ በላይ የመጽሐፉን አውሬ በማግስቱ ምሳ ለማስበላት መጥራት አይገባም። «ካልበላህ ያ ቢጫ ዓይኑ ይመጣል» ያልን ቀን ልጁ ያሸነፈውን ንጉሥነት ከእጁ ነጥቀን አያ ጅቦን ከበር ውጭ ወደሚያድረው ጅብ እንመልሰዋለን። ልጁ መጽሐፉን ዳግም ላይከፍተው ይችላል፤ ቢተወውም ትክክል ነው።

አያቶቻችን ይህን ሥርዓት ሳይጽፉት ጠብቀውታል። አያቴ «ተረት ተረት» ስትል «የላም በረት» ብለን ካልመለስን አትጀምርም፤ ሰሚው ልግባ ብሎ ሳይስማማ በሩ አይከፈትም። ሲያልቅም «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ትላለች። ጅቡም ጭራቁም ከዚያች ቃል ወዲህ አያልፉም። ብሩክሊንና የአያቴ ምድጃ በማይተዋወቁበት ዘመን ሁለቱም መንገዳቸውን የጨረሱት በምግብ መሆኑ ያስገርመኛል። ግን ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ለትንሽ ልጅ ቤት ማለት የሚያበላው ሰው ያለበት ነው።

ማክስ ወደ ክፍሉ ሲመለስ ሴንዳክ ሁለት ነገሮች ለውጧል። ታሪኩ ሲጀመር ሰማይ ላይ የነበረችው ቀጭን ጨረቃ አሁን ሙሉ ሆናለች። ሥዕሉም እንደ መጀመሪያው ትንሽ ሳጥን አልሆነም፤ ገጹን ሞልቶታል። ያው ክፍል ነው፣ ያው አልጋ ነው፤ ልጁ ግን በሄደበት መጠን አልተመለሰም። የተኩላው ልብስ ቆብ ከራሱ ላይ ወደ ኋላ ወርዶ የልጅ ፊቱ ይታያል።

ከዚያ አንድ ገጽ ይቀራል። እዚያ ላይ ሥዕል የለም። በነጩ ወረቀት ላይ እራቱ ገና ትኩስ እንደነበረ የሚናገሩ ጥቂት ቃላት ብቻ አሉ። የእናትየዋ ፊት በመጽሐፉ ውስጥ አንድም ጊዜ አይታይም፤ እዚህም አልተሣለም። በየገጹ ሥዕል ሲፈልግ የቆየው የልጁ ዓይን በዚህ ገጽ ላይ የሚያርፍበት ያጣል። ስለዚህ ቀና ይላል፤ የሚያነብለትን ሰው ፊት ያያል።